ግሪኑ ጨፌ ሆኖብኛል፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ጎልፍ ሜዳ ላይ የምትሰሩ አበሾች ካላችሁ ድረሱልኝ

ሳርቤት_ነኝ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ከረማችሁ። እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሳር ነው ምንከባከበው፣ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጎልፍ ቤት ነው ምሰራው ስል ሰው ሁሉ ስጫወት ምውል ይመስለዋል፣ እኔ ግን እስከዛሬ አንዲት ኳስ መትቼ አላውቅም፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ጤዛ ስጠርግ ነው ሚነጋልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዘንድሮ ጸደይ ሚባል ነገር የለም፣ ሐምሌ ነው በቀጥታ የመጣው። ከኤፕሪል ጀምሮ ሁለት ቀን ጸሐይ ከወጣ ሶስተኛው ቀን ዶፍ ነው፣ ዶፉ ሲያባራ ካፊያ፣ ካፊያው ሲያቆም ጭጋግ። አለቃችን ቀዶ ጥገና አድርጎ ቤቱ ተኝቷል፣ በስልክ ነው ምናወራው፣ ከቀረነው ውስጥ ነባር እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ነገር እኔ ላይ ተከምሯል። ሜዳው የድሮ ነው፣ ግሪኖቹ፣ ማለት ቀዳዳው ያለባቸው በጣም አጭር ሚታጨዱት ሳሮች፣ እንደ አሁኖቹ አሸዋ አይደሉም፣ እዛው የነበረውን ሸክላ አፈር ገፍተው ገፍተው ከምረው ነው የሰሯቸው። ሰባተኛው ግሪን ደሞ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ጅረት ዳር፣ ዛፍ ስር ነው ያለው፣ ጸሐይ ሚያየው ከረፋዱ በኋላ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ የክለቡ ማናጀር መጣና አባላት እያጉረመረሙ ነው፣ ሳሩ ረዝሟል ኳስ አይሄድም፣ ዛሬ ይታጨድ አለኝ። እኔም ምን ልበል፣ እሺ አልኩ። ያቺን ተቀምጠን ምንነዳትን ባለ ሶስት ማጨጃ ይዤ ገባሁ። መሀሉን ደህና አድርጌ ጨረስኩ፣ መጨረሻ ላይ ዙሪያውን ምንዞራት ዙር አለች አይደል፣ እሷ ላይ ሳጠፍ ጎማው ሸርተት አለና ጠርዙን ልጦት ሄደ። አሁን ግሪኑ ዳሩ ያረረ እንጀራ መስሏል።

በዛ ላይ ዛሬ ጠዋት የቀዳዳውን ቦታ ልቀይር ቆፈርኩ። የወጣውን የአፈር ድፍን አገላብጬ ሳየው አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ ጥቁር መስመር አለው፣ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የተበላሸ እንቁላል። ስሩ እዛ መስመር ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከመስመሩ በታች አንድም ስር የለም። ቅጠሉም ቢጫ ቢጫ እያለ ነው።

እና ምን ይሻለኛል፣ ልጨድ ወይስ ልተወው? ማዳበሪያ ልስጠው? አሁኑኑ ብበሳሳው ይተነፍስልኛል ወይስ ይብስበታል? የአባላት ውድድር ሶስት ሳምንት ነው የቀረው።

ቀበና_ማዶ

ሳር ለማጨድ ነው እንዴ አሜሪካ የሄዳችሁት ኪኪኪ አያቴ በነፃ ነበር ምታጭደው

ሳርቤት_ነኝ

አያትህ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ታጭድ ነበር? እንደዛ ከሆነ ማጭዷን ላክልኝ እከፍላለሁ

ኢነዋሪ_ልጅ

ቀበናን ተወው ስራ ፈት ነው።

ወንድሜ ያወራኸው ነገር እኮ የኛ አገር መረሬ ነው። እኔ ኢነዋሪ ነው ያደግኩት፣ አፈሩ ጥቁር፣ ሐምሌ ላይ በሬ ከገባበት እስከ ጉልበቱ ነው ሚሰምጠው፣ እግርህን ስታወጣ ጫማህ እዛው ይቀራል። እናቶቻችን ሲዘራ ከማረሻው ኋላ ኋላ እየተከተሉ አፈሩን በእጃቸው ወደ ላይ እየሳቡ ሰፋ ያለ መደብ ያወጣሉ፣ በየመሀሉ ቦይ ይተዉለታል። እህሉ መደቡ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል ውሃው በቦዩ ይጠነፈፋል። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ስስብ ነው ወገቤ የተቀጨው። ኋላ በፈረንጅ 1980ዎቹ ተመራማሪዎች ያንኑ ነገር በበሬ በሚጎተት መሳሪያ እንዲሰራ አደረጉት።

ጎልፍ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፣ ውሃ መሄጃ አጥቶ የተኛበት ቦታ ላይ ምንም ብትደረድር ከንቱ ነው። ያንተ ሰባተኛ ውሃው በየት ነው ሚወጣው? ቦዩ የታለ?

አግሮ_እህት

ኢነዋሪ ነገሩን ጨርሶታል ማለት ይቻላል። እኔ እፅዋት ሳይንስ ነው የተማርኩት፣ ሐረማያ ጀምሬ እዚህ ነው የጨረስኩት፣ እና ያቺን ጥቁር መስመር ላስረዳህ።

አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መሀል ባዶ ቦታ አለ፣ በደህናው ጊዜ ከፊሉን ውሃ ከፊሉን አየር ይይዘዋል። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲቀር ሁሉንም ውሃ ይወርሰዋል። ኦክስጅን ደሞ ውሃ ውስጥ ሲሄድ አየር ውስጥ ከሚሄደው በ10 ሺህ እጥፍ ገደማ ነው ሚዘገየው፣ እና ስሩ እየታፈነ ነው ያለው ማለት ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለሱ መኖር ሚችሉ ባክቴሪያዎች ተራቸው ደረሰ ብለው ይነሳሉ፣ ድኝ ያለበትን ሰልፌት እየበሉ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ እንቁላል እንቁላል ያለህ እሱ ነው። ያ ጋዝ አፈር ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል፣ ለስርም መርዝ ነው። ስለዚህ አደራህን አሁን ድኝ ያለበት ነገር፣ አሞኒየም ሰልፌት ምናምን፣ እንዳትሰጠው፣ ባክቴሪያዎቹን ድግስ መጥራት ነው።

ቢጫ የሆነው ናይትሮጅን አጥቶ ነው። ከፊሉ ከውሃው ጋር ታጥቦ ወርዷል፣ ከፊሉን ደሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ቀይረው ለአየር ለቀውታል። ግን ስሩ የታመመ ሳር ላይ ዩሪያ ብትበትንለት በምኑ ይወስደዋል? በጣም ትንሽ ናይትሮጅንና ብረት ቅጠሉ ላይ በስፕሬይ ስጠው፣ በዛ ይቆይ። ደሞ ሜሪላንድ ነኝ ብለሃል፣ እናንተ ጋ ከባድ ዝናብ ከተተነበየ ማዳበሪያ መበተን በህግ ክልክል ነው፣ ጎልፍ ሜዳንም ይመለከታል። ፎስፈረስ ደሞ የአፈር ምርመራ ያስፈልገዋል ብሎ ካላሳየ አይነካም፣ አዲስ ሳር ካልዘራህ በቀር። ጅረት ዳር ነው ያልከው ግሪን የበተንክበት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቼሳፒክ ቤይ ሚባለው የባህር ወሽመጥ ነው ሚገባው።

ቦጊ_በየቀኑ

እኔ ደሞ ከሌላኛው ወገን ነኝ፣ ተጫዋች ነኝ ሃሃሃ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ካርት፣ ሜዳው ላይ ምንነዳት ትንሿ መኪና፣ በመንገዱ ብቻ ይሉናል፣ ኳሴ ግን መንገዱ ዳር ወድቃ አታውቅም፣ ሁልጊዜ ማዶ ናት። ሶስት መምቻ ይዤ ተሻግሬ ስደርስ አራተኛው ነው ሚያስፈልገኝ። ያን ያህል ከፍለን ለምንድነው ምንሰቃየው? ሳር ነው አይደል ተመልሶ ይበቅላል

ሳርቤት_ነኝ

ቦጊ በጨዋ አፍ ልመልስልህ። ካርት ሁለት ሰውና ሁለት ቦርሳ ጭኖ ውሃ የጠገበ አፈር ላይ ሲሄድ የሳሩን ቅጠል ብቻ አይደለም ሚጎዳው፣ ታች ያለውን አፈር ጠፍጥፎ ጡብ ያደርገዋል። ቅጠሉ በሳምንት ይመለሳል ጡቡ ግን በጋውን ሙሉ ጡብ ነው፣ ኦገስት ላይ መጥተህ ይሄ ቦታ ለምን ደረቀ ምትለው እሱን ነው።

ጋሽ_ሜዳ

ልጄ ሰላም ነህ ወይ። እኔ ባልቲሞር አካባቢ በዚህ ስራ 22 ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቼ አሁን ቨርጂኒያ ልጆቼ ጋ ነኝ። ስራውን የጀመርኩት እንዳንተው ጤዛ በመጥረግ ነው።

የጻፍከውን ሳነብ በፈረንጅ 2018 ነው ትዝ ያለኝ። በዛ ዓመት ባልቲሞር ከ1800 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፣ ከዛ በፊት ሪከርዱ የ2003 ነበር እሱን ጥሎት ሄደ። ኤሊኮት ሲቲ በጎርፍ የተመታችበት ሜይ ማለት ነው። ያን ሰሞን እንዳንተው ማጨድ አለበት ተባለና ፌርዌይ፣ ወደ ግሪኑ ሚወስደው ረጅሙ የሳር ሜዳ ላይ ትልቁን ማጨጃ አስገባን። አስራ አራተኛው ላይ ሰመጠ። እሱን ለመሳብ ትራክተር አመጣን ትራክተሩም አጠገቡ ሰመጠ። ሶስተኛ መኪና ይምጣ ሲባል እኔ ነኝ በቃ ብዬ ቁጭ ያልኩት። በእንጨት ሳንቃ እያነጠፍን ማታ ድረስ ስናወጣ ዋልን። ተሽከርካሪው የቀደደው ቦይ ሴፕቴምበር ድረስ እዛው ነበር፣ ኳስ ሚገባበት ሰው ሁሉ ስሜን ያነሳ ነበር መቼም። ሁለት ቀን ባናጭድ ኖሮ ሳሩ ሁለት ቀን ረዘመ ይባል ነበር፣ አለቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ማናጀር እንዲህ በለው። ግሪኑ ላይ ይዘኸው ግባ፣ ተረከዝህን ተጫነና አዙር። ጫማህ ዙሪያ ውሃ ብቅ ካለ ማሽን አይገባም፣ ራሱ ያየዋል፣ ክርክር አያስፈልግም። በወረቀት ከምትጽፍለት እሱ ይሻላል።

ውሃው ብቅ ማይል ቀን ስታገኝ ያቺን ተቀምጠህ ምትነዳትን ጋራዥ ተዋት፣ በእግር ምትገፋዋን አውጣ። ቁመቱን ከፍ አድርገው፣ 3 ሚሊ ሜትር ከነበርክ 3 ተኩል ወይ 4 አድርገው፣ በዛች ቁመት ሚሞት ተጫዋች የለም። የፊት ሮለሩ ጥርስ ያለው ከሆነ በለስላሳው ቀይረው፣ ጥርሱ እርጥብ ሳር ይቆርጣል። ዙሪያዋን ምትዞራትን ዙር ደሞ ሙሉ በሙሉ ዝለላት፣ ጠርዙ እስኪያገግም። ፌርዌዩ ከረዘመ ባንዴ እንዳታወርደው፣ ከቁመቱ አንድ ሶስተኛውን ብቻ ውሰድ፣ ሁለት ሶስት ቀን ቆይተህ ደግሞ ውሰድ። ሳሩ ተከምሮ ከቀረ በንፋስ ማሽን በትነው፣ ካልሆነ ከስሩ ያለውን ያቃጥለዋል።

መብሳት ላልከው ዛሬ አይደለም። ውሃ የጠገበ ሸክላ ውስጥ ብረት ስትሰድ የቀዳዳው ግድግዳ እንደ ጀበና ተለስኖ ነው ሚቀረው፣ አየርም ውሃም አያሳልፍ። ሁለት ቀን ይጠፈፍ፣ ከዛ ቀጭኗን፣ 6 ወይ 8 ሚሊ ሜትሯን ድፍን ብረት ተጠቀም፣ አፈር ምታወጣዋን ክፍቷን ለመስከረም አቆያት። ማሽን ሚከብደው ከሆነ በእጅ ሹካ ብሳው። አንድ ግሪን ነው፣ አራት ሰው ካለህ ግማሽ ቀን ነው።

ሳርቤት_ነኝ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የተረከዙን ነገር ነገ ጠዋት ነው ማደርገው። አንድ ጥያቄ ልጨምርልዎት፣ እድገት ሚያዘገየውን መድሃኒት ብረጨው ማጨዱን አይቀንስልኝም?

ጋሽ_ሜዳ

ይቀንስልሃል፣ ግን ለጤነኛው ሳር ነው፣ ሰባተኛውን ለይተህ ተወው እሱ ራሱ ቆሟል ምን ታዘገየዋለህ። ሌሎቹ ላይ ከረጨህ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዝናብ ቢመጣም ብዙ አያሳስብም፣ ቅጠሉ ቶሎ ይጠጣዋል። ቀን እየቆጠርክ ሳይሆን ሙቀት እየደመርክ ነው ምትደግመው፣ የየቀኑን አማካይ ሙቀት በሴልሺየስ ደምር፣ 200 ሲሞላ ድገም። አሁን 15 ዲግሪ ከሆነ 13 ቀን ገደማ ነው፣ ጁላይ ላይ ስምንት ቀንም አይሞላ። በየሁለት ሳምንቱ ብሎ ዝም ብሎ ሚረጭ ሰው በጋ ላይ ሳሩ ለምን አበደ ይላል፣ መድሃኒቱ አልቆ ሳሩ የታፈነውን እድገት እያወጣው ነው እኮ።

አትላንታ_ሰርዶ

የሰሜን ሰዎች ስቃያችሁ ደስ ይላል ሃሃሃ። እኛ ጋ ፌርዌዩ ምኑ ምናምኑ በርሙዳ ነው፣ በርሙዳ ማለት ደሞ ለማያውቅ የኛው ሰርዶ ናት፣ እዛው ጎጃም መንገድ ዳር አህያ ምትግጣት። መጀመሪያ ስራ ስገባ አለቃዬ ይሄ ውድ ዝርያ ነው ተጠንቀቁ ሲል ጎንበስ ብዬ አየኋት፣ ሰርዶ! እናቴ ከጓሮ ነቅላ ነቅላ ያልጨረሰቻትን እዚህ በዶላር ይገዟታል። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው አህያ ጆርጂያ ብትመጣ ምን ትል ይሆን።

ግን እኛም አልተረፍንም። ሰርዶ ሙቀት ነው ምትፈልገው፣ ደመናው አልገፈፍ ሲል ከክረምት እንቅልፏ አትነሳም፣ ዘንድሮ ሜይ ገብቶ ግማሹ ገና ገለባ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ ጭራሽ ጠፍታለች። ተጫዋቹ ደሞ ቀለም ቀቡት ይለናል።

ኢነዋሪ_ልጅ

ቀለም??

አትላንታ_ሰርዶ

አዎ አረንጓዴ ቀለም፣ የሳር ቀለም አለ በስፕሬይ ሚረጭ። አንድ ቀን ነጭ ጫማ አድርጌ ገባሁበት፣ ከዛ ወዲህ ነጭ ጫማ የለኝም

መካኒኩ_ቢ

ስለ ማሽኑ ማንም ሳያነሳ። ሰዎች እርጥብ ሳር በደነዘ ምላጭ አይታጨድም፣ አይቆርጥም ይቦጭቃል፣ የተቦጨቀ ጫፍ ደሞ ለበሽታ በር ነው። ቁራጭ ወረቀት አስገብተህ ሞክረው፣ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ድምፅ ካልቆረጠው ወደኔ አምጣው። ደሞ ማታ ማታ ስታጥቡ ውሃውን በግፊት ቤሪንጉ ላይ አትልቀቁት ስንት ጊዜ ልናገር፣ ያቺ ጎማዋ ትከፈትና ውሃው ገብቶ ግሪሱን ያወጣዋል፣ ከዛ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ቢ ማሽኑ ይጮሃል ትሉኛላችሁ።

ቦጊ_በየቀኑ

እሺ ስለ ካርቱ አምኛለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ለተጫዋቾች አንድ ነገር ልንገር፣ ብዙ አበሻ ስለማያውቀው ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲመታ አያለሁ። ከ2019 ወዲህ ህጉ ጊዜያዊ ውሃ ነው ሚለው፣ ድሮ ካዡዋል ውሃ ይባል የነበረው ነው። ከመቆምህ በፊት ወይ ከቆምክ በኋላ ውሃው ላዩ ላይ ከታየ በነፃ ኳስህን ታነሳለህ፣ ቅጣት የለውም። እግርህን ደብድበህ ውሃ ማውጣት ግን አይቆጠርም፣ እሱን የሰራ ጓደኛ አለኝ ስሙን አልጠራም።

ደሞ የረጠበ ግሪን ለኛ ጥሩ ነው፣ ኳሱ ዱብ ብሎ እዛው ይቀራል። 2011 ዩኤስ ኦፕን ቤተስዳ ኮንግሬሽናል ላይ ሮሪ ማክለሮይ ከመደበኛው ምት 16 በታች የገባው ግሪኑ በዝናብ ለስልሶ ስለነበረም ነው። እኔ እንኳን በለሰለሰው ላይ ያው 30 በላይ ነኝ።

ኦገስታ፣ ማስተርስ ሚባለው ትልቁ ውድድር ሚደረግበት ሜዳ ላይ ግን ግሪኑ ስር ማሽን አለ አሉ፣ ውሃውን በቱቦ ከታች ይስበዋል። እናንተም አስገቡ እንጂ

ሳርቤት_ነኝ

ኦገስታ! የኛ ክለብ ውሃ መጥረጊያ ስኩዊጂ ሁለተኛ ይገዛልን ብለን የጠየቅነው ባለፈው ዓመት ነው፣ እስካሁን ውይይት ላይ ነው።

አግሮ_እህት

እርጥበቱ ሲያልፍ አለፈልን ብለህ እንዳትተኛ፣ ተከትሎ ሚመጣ አለ። ቤንትግራስና ፖአ ሚባሉ የሳር ዓይነቶች የተቀላቀሉበት ግሪን ከሆነ ዶላር ስፖት ሚባለውን የፈንገስ በሽታ መጠበቅ ነው፣ ሳንቲም ሚያህል ገለባ ገለባ ነጠብጣብ፣ ጠዋት ጤዛ ሳይነሳ ስታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ይኖረዋል። የአምስት ቀን አማካይ ሙቀትና የአየር እርጥበት አስገብተህ ስጋቱን በመቶኛ ሚነግርህ ስሌት አለ፣ ብዙዎች 20 በመቶ ሲደርስ ነው ሚረጩት። ጠዋት ጤዛውን መጥረግህ ተራ ስራ እንዳይመስልህ፣ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሚቆይበትን ሰዓት በቀነስክ ቁጥር ፈንገሱ ጊዜ ያጣል። ናይትሮጅን የተራበ ሳር ላይ ደሞ ይብሳል ዶላር ስፖት፣ ለዛ ነው ትንሽ ትንሽ በቅጠል ስጠው ያልኩህ።

ሌላው ነቀዙ ነው፣ ፖአ ላይ ሚገባው። ፎርሲቲያ ምትባለዋ ቢጫ አበባ ግማሽ ቢጫ ግማሽ አረንጓዴ ስትሆን ነው ከተደበቀበት ጫካ ወጥቶ ወደ ሳሩ ሚገባው፣ እሷ አልፋለች። ትሉ አሁን ግንዱ ውስጥ ነው፣ ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ ሳሩ ሲገረጣ ሁሉም ሰው ውሃ ነው ወይ በሽታ ነው ይላል። በእጅህ ሳብ አድርገው፣ ከስሩ ተበጥሶ እጅህ ላይ ከቀረና ጫፉ ላይ የመጋዝ ዱቄት የመሰለ ካለው እሱ ነው። ሰባተኛህ ቢጫ የሆነው በሽታው ሁሉ ተደራርቦ እንዳይሆን አንድ ሁለት ቦታ ሳብ አድርገህ እይ።

ሳርቤት_ነኝ

እህቴ ሳብኩት፣ አልተበጠሰም፣ ዱቄትም የለም። ከነቀዙ ቢያንስ ተርፈናል።

አሁን ዜናውን ልንገራችሁ። ትላንት ማናጀሩን ይዤው ሰባተኛ ወረድኩ። የቆዳ ጫማ ነው ያደረገው ምስኪን። እዚህ ጋ ቁምልኝ አልኩት፣ ተረከዝህን አዙር አልኩት፣ ውሃው በጫማው ስፌት ብቅ ብቅ አለ። አንድ ቃል አልተናገረም፣ ዝም ብሎ ጫማውን አየው፣ ከዛ እስከመቼ ትዘጋዋለህ ብቻ ነው ያለኝ። ጋሼ እጅዎትን ልሳም። ፌርዌዩ ላይ ደረቅ ያለ ቦታ መርጬ ጊዜያዊ ግሪን አጨድኩ፣ ሰባተኛ በገመድ ተዘግቷል።

ከዛ የኢነዋሪ ልጅ ጥያቄ ሲከነክነኝ አድሯል፣ ቦዩ የታለ ያልከኝ። ለአለቃዬ ደወልኩና እዚህ ግሪን ስር ቱቦ አለ ወይ ስለው፣ መጋዘኑ ውስጥ ከቀለም ጣሳዎቹ ኋላ የድሮ ካርታ ተጠቅልሎ አለ እየው አለኝ። ካርታው አይጥ ቀምሶታል ግን ሰባተኛው ተርፏል። ከግሪኑ ስር የሸክላ ቱቦ ይነሳና ወደ ጅረቱ ይወርዳል ይላል፣ 30 ሜትር ገደማ። ጅረቱ ዳር ሄድን፣ ምንም የለም፣ ደለልና ቁጥቋጦ ብቻ። እኔና አንድ የሆንዱራስ ልጅ አካፋ ይዘን ከካርታው ጋር እየተያየን ስንቆፍር፣ አራተኛው ጉድጓድ ላይ አካፋው ቀጭ አለ። ሸክላ። አፉ ሙሉ በሙሉ በደለል ተደፍኗል፣ ውስጡ ደሞ የዛፍ ስር ገብቶበት እንደ ሴት ሹሩባ ተጎንጉኖ ቱቦውን ሞልቶታል። ልጁ ሁለት እጁን አስገብቶ ሲጎትት መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ፣ ከዛ ባንዴ ተነቅሎ እሱም በጀርባው ወደቀ። ውሃው ወጣላችሁ! ጥቁር፣ ያው እንቁላል እንቁላል ሚል፣ ልጁን ሸፍኖት አለፈ። ሲስቅ አፉን ባይከፍት ጥሩ ነበር።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነው የከፈትነው፣ ማታ ስወጣ አሁንም እየፈሰሰ ነበር።

ኢነዋሪ_ልጅ

እልልልል! እናቴን አሁኑኑ ደውዬ እነግራታለሁ፣ አሜሪካ ድረስ ቦይ አስከፈትኩ ብዬ

ጋሽ_ሜዳ

ጎበዝ። ግን ገና አልጨረስክም። የቱቦው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት አድርግበት፣ አይጥና ጥንቸል ይገባል። በአጠገቡ ረጅም እንጨት ተክለህ ቀለም ቀባው፣ ካንተ በኋላ ሚመጣው ሰው ካርታ እንዳይፈልግ። ያ ስር የመጣበት ዛፍ ደሞ ይመለስበታል፣ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሂድና እየው። ሌላው፣ ቱቦው ተከፈተ ማለት ላዩ ያለው ሸክላ ባንዴ ይደርቃል ማለት አይደለም፣ ከላይ ወደ ታች ሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ሁለት ቀን ሳይዘንብ ካለፈ መብሳቱን አሁን አድርገው።

ዛፉን ደሞ አለቃህ ሲመለስ አንሳለት፣ የጠዋት ጸሐይ ሚጋርደውን ቅርንጫፍ ብቻ እንኳን ቢቆረጥ። አባላቱ ዛፍ ሲነካ ያለቅሳሉ፣ እኔ አንድ ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ አስቆርጬ የስድስት ሰው ደብዳቤ ነው የደረሰኝ።

ቦጊ_በየቀኑ

ሰባተኛው ደብዳቤ የኔ ይሆን ነበር፣ ዛፉ ኳሴን ብዙ ጊዜ መልሶልኛል

ሳርቤት_ነኝ

ሰላም፣ ጠፋሁ ይቅርታ፣ ስራ ነው።

ከዛ በኋላ ሶስት ቀን አልዘነበም፣ ተአምር ነው። በሶስተኛው ቀን በእጅ ሹካና በቀጭኑ ብረት በሳሳነው፣ አራት ሰው ሆነን ከጠዋት እስከ ምሳ። ትንሽ ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ አስገባንለት። ብረትና ትንሽዬ ናይትሮጅን ረጨሁት። የተላጠውን ጠርዝ ከማሳደጊያው ቦታ ሳር ቆርጠን ተከልንበት፣ ገና መስመሩ ይታያል።

ውድድሩ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። ሰባተኛ አልተከፈተም፣ በጊዜያዊው ተጫወቱበት፣ ያጉረመረሙ ነበሩ፣ አንዱ ሰውዬ ሙሉ ክፍያ ከፍዬ 17 ተኩል ቀዳዳ ነው የተጫወትኩት ብሎ ማናጀሩን ሲያዋክበው ነበር። ማናጀሩ ምን ቢለው ጥሩ ነው፣ ና ላሳይህ ብሎ ወደ ሰባተኛ ይዞት ወረደ። የጎማ ጫማ ገዝቷል አሁን።

ዛሬ ጠዋት ደሞ ለማየት ያህል አንድ ድፍን አፈር አወጣሁ። ጥቁሩ መስመር አለ አሁንም፣ ግን ሳስቷል፣ ሽታውም አፍንጫህ ጋ ካላስጠጋኸው አይሰማም። አዲስ ስር አለው፣ ነጭ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ የብረቷን ቀዳዳ ተከትሎ ነው ሚወርደው። ቆጠርኩት፣ ስድስቱ መስመሩን አልፈዋል። ድፍኑን መልሼ ስከተው እንዳይሰበሩ ብዬ እጄ ሲንቀጠቀጥ የሆንዱራሱ ልጅ ስቆ ሊሞት።

አግሮ_እህት

ስድስት ጥሩ ነው! ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ነው ስር ሚሰራው፣ ጁላይ ላይ ሚያኖረው አሁን የወረደው ነው። እስከዛ አታስርበው አታጥግበውም፣ ቁመቱን አሁን ዝቅ እንዳታደርግ ማንም ቢለምንህ። ደሞ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ማደር ሲጀምር ፒቲየም ሚባል ሌላ በሽታ አለ፣ ያኔ ማታ ውሃ ሚባል ነገር እንዳይነካው።

መካኒኩ_ቢ

እና ማጨጃውን አሳየኸኝ? አላሳየኸኝም

ሳርቤት_ነኝ

ነገ አመጣዋለሁ ቢ፣ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አልቆረጠም

ቀበና_ማዶ

ሁሉንም አነበብኩት እኮ ወላሂ። እና ሰው ትቀጥራላችሁ እንዴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት

ሳርቤት_ነኝ

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ትነሳለህ?

ቀበና_ማዶ

አያቴን ልላክልህ